የኦንላይን የጉዞ ፈቃድ፦ በቪዛና ያለ ቪዛ በመግባት መካከል

የኦንላይን የጉዞ ፈቃድ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና ለጥቂት ጥያቄዎች የሰጠውን መልስ በኢንተርኔት ልኮ የሚያገኘው ይለፍ ነው። ለዚህ ሲባል ኤምባሲ ደጅ መቆም የለም፤ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም የለም። ፈቃዱ የሚቀመጠው በአስተናጋጁ አገር ኮምፒውተር ውስጥ ከፓስፖርት ቁጥሩ ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ አየር መንገዱ መንገደኛውን ከማሳፈሩ በፊት መኖሩን ያረጋግጣል።

ፈቃዱ በሁለት የቆዩ ሥርዓቶች መካከል የገባ ሦስተኛ መንገድ ነው። በቪዛ ሥርዓት አመልካቹ ማስረጃ ሰብስቦ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ አንዳንዴም ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ የቆንስል ሠራተኛን ውሳኔ ይጠብቃል። ያለ ቪዛ በሚገባበት ሥርዓት ደግሞ ፓስፖርት ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የሚመረመረው ደርሶ ከኢሚግሬሽን መስኮት ፊት ሲቆም ነው። ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ወስዷል። በዚህም ምክንያት ያለ ቪዛ ሲገባ ለኖረ መንገደኛ አዲስ ኬላ ሲሆን፣ ቪዛ ሲጠየቅ ለነበረ ግን ማቅለያ ሊሆን ይችላል። በጉዳዩ ላይ የሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ መነሻቸው ይህ ሁለት መልክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥጥሩ ከድንበር ወደ መነሻው የተዛወረበት መንገድ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብዙው የአውሮፓ ክፍል ያለ ፓስፖርት መጓዝ የተለመደ ነበር። ጦርነቱ ፓስፖርትንና ቪዛን አስገዳጅ አደረጋቸው፤ በ1920 በፓሪስ የተጠራው የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤም ለፓስፖርት የጋራ ቅርጽ አወጣለት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀብታም አገሮች እርስ በርስ ቪዛ እየተዉ መጡ። በአንጻሩ ከቅኝ ግዛት በወጡት አገሮች ዜጎች ላይ የቪዛ ግዴታው እየጠበቀ ሄደ።

የአየር ጉዞ ሲስፋፋ ሌላ ችግር ተከተለ። መንገደኛው አንዴ አውሮፕላን ማረፊያው ከደረሰ በኋላ መመለሱ ወጪ አለው፤ ጥገኝነት ከጠየቀ ደግሞ ጉዳዩ በሕግ መታየት አለበት። መንግሥታት ኃላፊነቱን ወደ አጓጓዦች ማሸጋገር የጀመሩት ስለዚህ ነው። ብሪታንያ በ1987 ባወጣችው ሕግ ተገቢ ሰነድ የሌለው ሰው ያመጣ አጓጓዥ በአንድ መንገደኛ 1,000 ፓውንድ እንዲከፍል ደነገገች። የትኬት ክፍል ሠራተኛው ከዚያ ወዲህ የኢሚግሬሽንን ሥራ በከፊል ይሠራል ማለት ይቻላል። የስደት ታሪክ ተመራማሪው አሪስቲድ ዞልበርግ ይህን አካሄድ «የርቀት ቁጥጥር» ብሎታል። የኦንላይን ፈቃድ የዚሁ አካሄድ ቀጣይ ደረጃ ነው። ልዩነቱ ውሳኔውን አየር መንገዱ በራሱ ግምት ከመስጠት ይልቅ ከመንግሥት ኮምፒውተር ተቀብሎ ማስፈጸሙ ነው።

ከአውስትራሊያ እስከ አሜሪካ

የመጀመሪያዋ አውስትራሊያ ናት። ከ1994 ጀምሮ የሠራው ሕጓ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁሉ ቪዛ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሕጉ በቀጥታ ቢተገበር ከጃፓን፣ ከብሪታንያና ከአሜሪካ የሚመጣውን ቱሪስት በሙሉ ቆንስላ ደጅ ማሰለፍ ነበር። መፍትሔው በ1996 ሥራ የጀመረው፣ ኢቲኤ የተባለው ፈቃድ ሆነ፤ መጀመሪያ ላይ ፈቃዱን የሚጠይቁት የጉዞ ወኪሎችና አየር መንገዶች ነበሩ፤ ጥያቄው የሚሄደው በትኬት መመዝገቢያ መስመራቸው ነበር። በ2000 ለሲድኒ ኦሊምፒክ የመጡት ብዙ እንግዶች ያገኙት ሥርዓት ይህ ነበር። እዚህ ላይ ፈቃዱ የተወለደው ለማቅለያነት ነው፤ በሕግም እስከ ዛሬ የቪዛ ዓይነት ነው።

ኤስታ የተባለው የአሜሪካ ፈቃድ የተወለደው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አሜሪካ ቪዛ የማስቀረት ፕሮግራሟን በ1986 ሕግ ደንግጋ በ1988 በብሪታንያ ዜጎች ጀመረች። ፕሮግራሙ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ከጥቃቱ ጋር በተያያዘ የተፈረደበት ዘካሪያስ ሙሳዊ የፈረንሳይ ዜጋ እንደመሆኑ ያለ ቪዛ ነበር የገባው። በዲሴምበር 2001 ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ በጫማው የደበቀውን ፈንጂ ሊያፈነዳ የሞከረው ሪቻርድ ሪድም የብሪታንያ ዜጋ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2007 ባወጣው ሕግ የቅድሚያ ፈቃድ እንዲዘረጋ አዘዘ። ኤስታ በኦገስት 2008 ማመልከቻ መቀበል ጀመረ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2009 ጀምሮም አስገዳጅ ሆነ። ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ በእያንዳንዱ ጉዞ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በየብስ ለሚገቡም ግዴታ ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች በመልክ ይመሳሰላሉ። የአውስትራሊያው ግን ጠባብ በር አስፍቷል፤ የአሜሪካው ደግሞ ክፍት በነበረ በር ላይ ጠባቂ አቁሟል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሥርዓቶች አብዛኞቹ ከሁለቱ በአንዱ ወገን ይመደባሉ።

መስፋፋቱ

ካናዳ ከአሜሪካ ጋር በ2011 በደረሰችው የድንበር ጸጥታ ስምምነት መሠረት የራሷን ፈቃድ በ2016 አስገዳጅ አደረገች። ክፍያው 7 የካናዳ ዶላር ሲሆን ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ የሚጠየቀውም በአየር ለሚገቡ ብቻ ነው። ኒውዚላንድ በኦክቶበር 2019፣ ደቡብ ኮሪያ በሴፕቴምበር 2021 ተከተሉ። እስራኤል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቪዛ ከማይጠየቁ ጎብኚዎች ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ክፍያው 25 ሼቄል ነው።

ብሪታንያ ሥልጣኑን ያገኘችው በ2022 ባወጣችው የዜግነትና የድንበር ሕግ ነው። በኖቬምበር 2023 በኳታር ዜጎች ጀመረች፤ በፌብሩዋሪ 2024 ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ዮርዳኖስ አሰፋች፤ በጃንዋሪ 2025 አሜሪካውያንን፣ ካናዳውያንንና አውስትራሊያውያንን፣ በኤፕሪል 2025 ደግሞ አውሮፓውያንን አካተተች። በ10 ፓውንድ የተጀመረው ክፍያ በዚያው ኤፕሪል ወደ 16 ፓውንድ ከፍ ብሏል።

የአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ ኢቲያስ ይባላል፤ ሕጉ የጸደቀው በሴፕቴምበር 2018 ቢሆንም ሥራ የሚጀምርበት ቀን በተደጋጋሚ ተራዝሞ ወደ 2026 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ተገፍቷል። ከእሱ በፊት መቅደም የነበረበት፣ የመንገደኞችን መግቢያና መውጫ በአሻራና በፊት ምስል የሚመዘግበው ሥርዓት ሥራ የጀመረው በኦክቶበር 12 ቀን 2025 ነው። ኢቲያስ 30 የአውሮፓ አገሮችን ይሸፍናል፤ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። በሕጉ 7 ዩሮ የነበረው ክፍያ ገና ሥራው ሳይጀመር ወደ 20 ዩሮ እንዲያድግ ተወስኗል። ዕድሜያቸው ከ18 በታችና ከ70 በላይ የሆኑ አይከፍሉም።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ኢ-ቪዛ ተስፋፍቷል። ኢ-ቪዛ በኦንላይን የሚጠየቅ ሙሉ ቪዛ ነው። ድንበሩ ግን ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። ህንድ በኖቬምበር 2014 የጉዞ ፈቃድ ብላ የጀመረችውን ሥርዓት በቀጣዩ ዓመት ኢ-ቱሪስት ቪዛ አለችው። ኢትዮጵያም ከጁን 2018 ጀምሮ ለቱሪስቶች ኢ-ቪዛ ትሰጣለች፤ ይህ በኤምባሲ ይሰጥ የነበረውን ቪዛ በሌላ መንገድ የሚሰጥ እንጂ ያለ ቪዛ ለሚገቡ ሰዎች የተጨመረ ፈቃድ አይደለም።

አሠራሩ

ማመልከቻው አራት ደረጃዎች አሉት። አመልካቹ መጀመሪያ መረጃውን ይሞላል፤ ስለ ወንጀል ታሪኩ፣ ከዚህ በፊት ስለ መባረሩና ከሽብር ጋር ስላለው ግንኙነት ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ መልሱን ከመዝገቦች ጋር ያመሳክራል። ኢቲያስ ለምሳሌ የሼንገንን የጥቆማ መዝገብ፣ የቪዛ መዝገቡን፣ የዩሮፖልን መረጃ እንዲሁም ኢንተርፖል የጠፉና የተሰረቁ ሰነዶችን የሚይዝበትን መዝገብ ይፈትሻል። ምንም ካልተገኘ ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ጥርጣሬ ከተገኘ ፋይሉ ወደ ሰው ይሄዳል። በመጨረሻም ውሳኔው ከአየር መንገዱ የቼክ ኢን ሥርዓት ጋር ይገናኛል።

መጨረሻ ላይ የተጠቀሰው ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል እንጂ የሥርዓቱ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቶሮንቶ ወይም ወደ ለንደን የሚበር መንገደኛ የሚያስፈልገው ፈቃድ ከሌለው የሚመለሰው ከቦሌ ነው። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ውሳኔውን የመለወጥም ሆነ ምክንያቱን የማስረዳት ሥልጣን የለውም። በሌላ በኩል ፈቃድ መያዝ የመግቢያ ዋስትና አይሆንም፤ በሁሉም አገሮች የመጨረሻው ቃል የድንበር መኮንኑ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ በትክክል ሲገለጽ የመሳፈር ፈቃድ ነው።

ትራንዚት አንድ ራሱን የቻለ የክርክር ነጥብ ሆኗል። ብሪታንያ በመጀመሪያ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ የሚያልፉ መንገደኞችንም ፈቃድ ትጠይቅ ነበር። የለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በ2024 በሰጠው መግለጫ ሥርዓቱ ከተጀመረ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ሰባት አገሮች መስመሮች 90,000 ያህል የትራንዚት መንገደኞች እንደቀሩበት ገለጸ። በጃንዋሪ 2025 መንግሥቱ በኢሚግሬሽን ሳያልፉ ለሚሻገሩት ግዴታውን በጊዜያዊነት አነሣ። አሜሪካ በበኩሏ በአገሯ በኩል ለሚያልፍ የውጭ መንገደኛም በአብዛኛው ኤስታ ወይም ቪዛ ትጠይቃለች።

ቪዛ ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄው የሕግ ውጤት አለው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በዜጎቹ ላይ ቪዛ የጣለ አገር አጸፋውን እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ኤስታ ሲታወጅ የአውሮፓ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በዲሴምበር 2008 በሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ አስተያየት ከሼንገን ቪዛ አሠራር ጋር እኩል እንዳልሆነ ገለጸ። የአሜሪካ መንግሥትም ኤስታ ቪዛ አለመሆኑን በግልጽ ይናገራል። የአውስትራሊያው ሕግ ደግሞ ተመሳሳይ የሆነውን ፈቃድ ቪዛ ይለዋል።

ቪዛ አይደለም የሚሉት ቃለ መጠይቅ፣ የባንክ ሒሳብ ማስረጃና አሻራ አለመጠየቁን፣ ክፍያው አነስተኛ መሆኑን፣ እንዲሁም ከአመልካቾቹ እጅግ የሚበዙት ማግኘታቸውን ያነሣሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከኤስታ ማመልከቻዎች ከ99 በመቶ በላይ መጽደቃቸውን አመልክቷል። ከቪዛ አይለይም የሚሉት ደግሞ ሰው በተናጠል ተመርምሮ አስቀድሞ ፈቃድ ካላገኘ መጓዝ የማይችል ከሆነ ዋናው ነገር ቪዛ ነው፣ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ መቅለሉ የሥልጣኑን ባሕርይ አይለውጠውም ይላሉ።

ሁለቱ ወገኖች የሚመዝኑት የተለያየ ነገር ነው። የፊተኞቹ በአመልካቹ ላይ የሚወድቀውን ሸክም፣ የኋለኞቹ በመንግሥት እጅ ያለውን ሥልጣን ይለካሉ። ለተፈቀደለት ሰው ሸክሙ የቅጽ መሙላት ያህል ነው። ለተከለከለው ግን መዘዙ ከቪዛ ክልከላ ሊብስ ይችላል፤ በኤስታ ለምሳሌ ምክንያቱ አይነገረውም፤ ቀጣዩ መንገዱም በአብዛኛው መደበኛ ቪዛ መጠየቅ ነው።

የጸጥታው ክርክርና ማስረጃው

መንግሥታት ቀዳሚ አድርገው የሚያቀርቡት ምክንያት ጸጥታ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አደገኛ ሰው አውሮፕላን ላይ ከመውጣቱ በፊት መታወቅ አለበት። ተቺዎች ግን አየር መንገዶች የመንገደኞችን ዝርዝር አስቀድመው ስለሚልኩ፣ ከተፈላጊዎች መዝገብ ጋር ማመሳከሩ ያለ ፈቃድም ይሠራል ይላሉ። እንደነሱ አባባል የኦንላይን ፈቃድ የሚጨምረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ጊዜ ነው፤ መርማሪው በሰዓታት ፋንታ ቀናት ያገኛል። ሌላው መንገደኛው ራሱ የሰጠው ቃል ነው፤ አሸባሪ ነህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው አዎ ብሎ አይመልስም፤ ሐሰት መናገሩ ከተደረሰበት ግን ለማባረር በቂ የሕግ ምክንያት ይሆናል።

ለሕዝብ የቀረበው ማስረጃ ክርክሩን አይቋጨውም። ከ99 በመቶ በላይ መጽደቁ ለአንዱ ወገን ሥርዓቱ ንጹሑን መንገደኛ እንደማያጉላላ፣ ለሌላው ሚሊዮኖች የሚመረመሩት ለጥቂቶች ሲባል መሆኑን ያሳያል። ከተከለከሉት መካከል ስንቱ በእርግጥ አደገኛ እንደነበሩ፣ ስንቱስ በስም መመሳሰል ወይም በቅጽ ስሕተት እንደቀሩ በገለልተኛ ወገን የተረጋገጠ ዝርዝር ለሕዝብ አይወጣም። ያው የ2011 ሪፖርት በ2010 አየር መንገዶች ፈቃዱን ያረጋገጡት ለ98 በመቶ ያህል መንገደኞች መሆኑን መዝግቧል፤ አስገዳጅ የተባለው ሥርዓት በሁለተኛ ዓመቱም ክፍተት ነበረው ማለት ነው።

ስደትን በመቆጣጠር ረገድ ማስረጃው የተሻለ ግልጽ ነው። ካናዳ በዲሴምበር 2016 በሜክሲኮ ዜጎች ላይ የነበረውን ቪዛ አንሥታ በኦንላይን ፈቃድ ተካችው። የጥገኝነት ማመልከቻዎች በመብዛታቸው በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ለአብዛኞቹ ቪዛውን መለሰች። ብሪታንያም ዮርዳኖሳውያንን በኦንላይን ፈቃድ ማስገባት በጀመረች በወራት ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ ወደ ቪዛ መለሰቻቸው። ፈቃዱ በመዝገብ ላይ ያለን ሰው ሊይዝ ይችላል፤ ንጹሕ ታሪክ ይዞ ሄዶ እዚያው ለመቅረት ያሰበን ግን አይለይም። መንግሥታት እንዲህ ያለ ሥጋት ሲያድርባቸው የሚመለሱት ወደ ቪዛ ነው። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ሥርዓቱ ቪዛን የመተካት አቅሙ ውስን መሆኑ ነው።

ገንዘቡ

ክፍያው በብዙ አገሮች ወደ ላይ ሄዷል። ኤስታ ሲጀመር ነጻ ነበር። በሴፕቴምበር 2010 ወደ 14 ዶላር፣ በ2022 ወደ 21 ዶላር፣ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ወደ 40 ዶላር አደገ። ከ14ቱ ዶላር 10ሩ የሚውለው አሜሪካን ለቱሪስቶች ለማስተዋወቅ ነበር። ኒውዚላንድ ከፈቃዱ ጋር አያይዛ የምትሰበስበውን የጎብኚዎች ቀረጥ በኦክቶበር 2024 ከ35 ወደ 100 የኒውዚላንድ ዶላር አሳድጋለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ክፍያው የአገልግሎት ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ግብር ይሆናል። የሚከፍለው የውጭ ዜጋ ድምፅ የማይሰጥ በመሆኑ ለመንግሥታት ቀላል ግብር ነው።

ክፍያውና ቅጹ ቱሪስት ይቀንሳሉ አይቀንሱም የሚለው አልተለየም። ደቡብ ኮሪያ ቱሪስቶች እንዲበዙላት በፈለገች ጊዜ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የ22 አገሮችና ግዛቶችን ዜጎች ከፈቃዱ ነጻ አድርጋለች፤ ጊዜውንም ደጋግማ አራዝማለች። ይህ መንግሥቱ ራሱ ፈቃዱን እንደ እንቅፋት ማየቱን ያመለክታል። በሌላ በኩል ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ የሚደረገው ጉዞ በምንዛሪ፣ በትኬት ዋጋና በፖለቲካ ስለሚወሰን የፈቃዱን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው።

ሥራው ወደ ግል ድርጅት ሲሄድ ምን እንደሚከተል ስሪላንካ አሳይታለች። ከ2012 ጀምሮ ይሠራ የነበረው የመንግሥት ሥርዓት በኤፕሪል 2024 ለውጭ ድርጅቶች ጥምረት ተሰጠ። በተጨመረው ክፍያና በጨረታ አለመኖር የተነሣ ክርክር ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2024 ውሉን አገደ፤ የቀድሞው ሥርዓትም ተመለሰ። በየአገሩ ደግሞ ይፋዊ የሚመስል ገጽ ከፍተው እጥፍ ድርብ የሚያስከፍሉ ደላሎች አሉ፤ መንግሥታቱ የራሳቸውን አድራሻ ብቻ እንዲጠቀሙ መንገደኞችን ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ።

መረጃ፣ ኮምፒውተርና ይግባኝ

የሚጠየቀው መረጃ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይሰፋል። ኤስታ በዲሴምበር 2016 የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞችን በፈቃደኝነት መጠየቅ ጀመረ፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ የአምስት ዓመት የማኅበራዊ ሚዲያ መረጃ አስገዳጅ እንዲሆን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። በኢቲያስ ሕግ የተፈቀደለት ሰው መረጃ ፈቃዱ እስኪያበቃ፣ የተከለከለው ሰው ደግሞ ለአምስት ዓመት ይቀመጣል።

ከባዱ ጥያቄ ግምታዊ ፍረጃ ነው። ኢቲያስ ስሞችን ከማመሳከር አልፎ ዕድሜን፣ ዜግነትን፣ መኖሪያንና ሥራን ከአደጋ መለኪያዎች ጋር የሚያገናኝ ደንብ አለው፤ የሚመዝነውም የጸጥታን፣ የሕገ ወጥ ስደትንና የወረርሽኝን ሥጋት ነው። ደጋፊዎቹ ሕጉ በዘር፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት መለየትን እንደሚከለክል፣ ኮምፒውተሩም ብቻውን እንደማይከለክልና ጥርጣሬ ያለበት ፋይል በሰው መታየት እንዳለበት ያስረዳሉ። ተቺዎች ዜግነትና መኖሪያ የዘር ምትክ ሆነው ሊሠሩ ይችላሉ ይላሉ። ብሪታንያ የቪዛ ማመልከቻዎችን ዜግነትንም እየመዘነ በሥጋት ደረጃ ይመድብ የነበረውን አልጎሪዝም ክስ ከተመሠረተባት በኋላ በኦገስት 2020 ትታዋለች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በጁን 2022 በመንገደኞች መረጃ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ራሱን እያስተማረ መለኪያውን የሚለውጥ ሥርዓት እንዳይሠራበት ወስኗል።

በይግባኝ ረገድ አገሮች እጅግ ይለያያሉ። የአሜሪካው ሕግ የኤስታ ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዳይታይ ይከለክላል። በብሪታንያም ይግባኝም ሆነ አስተዳደራዊ ክለሳ የለም። በኢቲያስ ግን የተከለከለ ሰው በከለከለው አገር ይግባኝ የማለት መብት አለው። መብቱ በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራ የሚታየው ገና ወደ ፊት ነው፤ የአንድ ሳምንት ጉብኝት የተከለከለ ሰው በባዕድ ቋንቋ የሚከራከር ጠበቃ ለመቅጠር የሚያነሣሣው ምክንያት ጥቂት ነውና።

የአፍሪካው ገጽታ፦ ኬንያ

ኬንያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቪዛን ለሁሉም አነሣሁ ብላ አወጀች፤ በምትኩ 30 ዶላር የሚያስከፍል የኦንላይን ፈቃድ ተከለች። ቪዛ ይጠየቁ ለነበሩት አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ይህ ማቅለል ነበር። ቀደም ሲል ያለ ምንም ፈቃድ ይገቡ ለነበሩ አፍሪካውያን ግን አዲስ ግዴታ ሆነ፤ የአፍሪካን የድንበር ክፍትነት በሚለካው ዓመታዊ ሰንጠረዥም የአገሪቱ ደረጃ በ2024 ወረደ። ኢትዮጵያን ጨምሮ የቪዛ ማስቀረት ስምምነት የነበራቸው አገሮች በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከክፍያው ነጻ ተደረጉ። በ2025 ደግሞ ከሶማሊያና ከሊቢያ በቀር ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች ፈቃዱ ቀረ።

የኬንያ ጉዳይ የአውስትራሊያውና የአሜሪካው መንገድ በአንድ ሕግ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊገናኙ እንደሚችሉ ያሳያል። ያው ቅጽ ለአንዱ እፎይታ፣ ለሌላው እገዳ ሆኗል። ለውጡን ለመመዘን ፈቃዱ ምን እንደሆነ ከማወቅ ይልቅ ከእሱ በፊት ምን እንደነበረ ማወቅ ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ትውልደ ኢትዮጵያውያን

እነዚህ ሥርዓቶች በአብዛኛው የሚመለከቱት አስቀድሞ ያለ ቪዛ እንዲገቡ የተፈቀደላቸውን ዜጎች ነው። በኤስታ ለመጠቀም የመንገደኛው አገር ቪዛ በማስቀረቱ ፕሮግራም ውስጥ መግባት አለበት፤ ለዚያ ከሚጠየቁት አንዱ የዜጎቹ የጎብኚ ቪዛ ክልከላ ከ3 በመቶ በታች መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያና ለሼንገን አገሮች ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በሼንገን አውሮፕላን ማረፊያዎች ለማለፍ ብቻም የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። አውሮፓውያኑ ለሌሎች የደቂቃ ፈቃድ ባዘጋጁበት ዘመን፣ በኤፕሪል 2024፣ የኅብረቱ ምክር ቤት የኢትዮጵያውያንን የቪዛ ማመልከቻ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ቴክኖሎጂው ያለውን የፓስፖርት ደረጃ ሳይነካ በላይኛው እርከን ላይ ብቻ እንደተዘረጋ ይህ ያሳያል።

ቁልፉ ዜግነት መሆኑ በመኖሪያ አይለወጥም። በዱባይ ወይም በዶሃ ለዓመታት የኖረ ኢትዮጵያዊ ወደ ለንደን ለመሄድ ቪዛ ይጠይቃል፤ የኳታር ዜጋ ግን ስልኩ ላይ ያመለክታል። ካናዳ በዚህ ረገድ ትለያለች፦ የአሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ፓስፖርቱ የየትም አገር ቢሆን ያለ ቪዛ ይገባል፤ ከኤፕሪል 2022 ወዲህም የኦንላይን ፈቃድ አይጠየቅም።

ትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን ሥርዓቱን በቅርብ ያውቁታል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ለንደን ላሉ ዘመዶቹ ሠርግ ሲሄድ ከ2025 ወዲህ ፈቃድ ማውጣት አለበት። እስራኤል በኦክቶበር 2023 የአሜሪካን ፕሮግራም በመቀላቀሏ ቤተ እስራኤላውያንም ኤምባሲ ሳይቆሙ በኤስታ አሜሪካ መግባት ጀምረዋል። እዚህ ላይ የ2015ቱ የአሜሪካ ሕግ መታወቅ ይኖርበታል። ከማርች 1 ቀን 2011 ወዲህ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ የመን ወይም ሌሎች የተዘረዘሩ አገሮች የሄደ ሰው በአብዛኛው በኤስታ መጠቀም አይችልም፤ ቪዛ መጠየቅ አለበት። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተሻገሩትን ቀኑ አይነካቸውም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዘመዱን ለመጠየቅ ካርቱም የሄደን የስዊድን ዜጋ ግን ይነካዋል።

ያልተቋጩ ጥያቄዎች

አንደኛው የአጸፋ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ አገር የሌላውን እየተከተለ ፈቃድ ሲተክል፣ ያለ ቪዛ መግባት የሚለው ስምምነት በስም ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዶች ይህን ዘመኑ የሚጠይቀው ተራ ጥንቃቄ ይሉታል፤ ሌሎች በብዙ ዐሥርት ዓመታት የተገኘ ነጻነት መሸርሸር ያዩበታል።

ሁለተኛው የየብስ ድንበር ነው። በአየርላንድ ሪፐብሊክና በሰሜን አየርላንድ መካከል የድንበር ፍተሻ የለም፤ ከደብሊን ተነሥቶ ቤልፋስት የሚያድር አሜሪካዊ ቱሪስት ግን በሕግ የብሪታንያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈታሽ በሌለበት ግዴታው የሚጠበቀው በመንገደኛው ሕሊና ነው፤ የሰሜን አየርላንድ የቱሪዝም ዘርፍም ጎብኚዎች እንዳይሸሹት ይሠጋል።

ሦስተኛው ሁለት ዜግነት ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ብሪታንያ ለገዛ ዜጎቿ ይህን ፈቃድ አትሰጥም፤ ስለዚህ በሌላ አገር ፓስፖርት ሲጓዝ የኖረ የብሪታንያ ዜጋ ዜግነቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከሌለው ከመሳፈር ሊታገድ ይችላል። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ችግሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን የሚነካው ከሌሎች ያነሰ ነው።

አራተኛው የግምገማ ጥያቄ ነው። ሥርዓቶቹ የተተከሉት ጠቃሚነታቸው አስቀድሞ ተለክቶ አይደለም፤ ከተተከሉ በኋላም አብዛኛው ቁጥር በመንግሥታት እጅ ነው። የኢቲያስ ሕግ ሥራ ከጀመረ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየአራት ዓመቱ፣ መሠረታዊ መብቶችን ጭምር የሚያይ ግምገማ እንዲደረግ ያዛል። ኢቲያስ በ2026 መጨረሻ ከጀመረ የመጀመሪያው ግምገማ ከ2029 መጨረሻ በኋላ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ የጸጥታው ጥቅምና የመብቱ ጉዳት የሚመዘኑት ባልተሟላ ማስረጃ ነው።